የደም ውርስና የምድጃ ጢስ

የሰው ልጅ በባልንጀራው ላይ ሕመም ባየ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን እናድርግለት» ብሎ ሳይሆን «ይህ ነገር ከማን መጣበት» ብሎ ነው። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው በመንገድ ያዩት ደቀ መዛሙርት እንኳ ለመምህራቸው ያቀረቡት ይህንኑ ጥያቄ እንደ ነበረ በዮሐንስ ወንጌል በ9ኛው ምዕራፍ ተጽፎ እናገኛለን። መምህሩ ግን በደሉን በሰውዬውም ላይ በወላጆቹም ላይ አላኖረውም። ከእርሱም አስቀድሞ ነቢዩ ሕዝቅኤል የአባትን በደል በልጅ ላይ የሚጭነውን የአገሩን ተረት እንዳይናገሩ ሕዝቡን ከልክሎ ነበር። ይሁን እንጂ ጥያቄው እስከ ዛሬ አልሞተም። በመካነ ሰላም ከተማ ቢሆን፣ በአማራ ሳይንት ተራሮች ቢሆን፣ በለጋምቦ ውርጭ ቢሆን፣ አንድ ሰው ሳል ሲበረታበትና ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ጎረቤት «ይህስ ከእናቱ ወገን የመጣ ነው» ወይም «የአባቱ ቤት ሁሉ እንዲህ ነበር» ማለት ይቀናዋል። ይህንም ያለ ሰው ነገሩን የፈታው ይመስለዋል እንጂ ከምን ላይ እንዳቆመው አያስተውልም።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንሻው ይህን ነው። ሰው ሳይመርጥ ከወላጆቹ በደሙ ስለ ተቀበለው ድካም ተጠያቂው ማን ነው? ደግሞስ ያ ድካም እንዳለበት አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅመዋልን፣ ወይስ ዕድሜውን በፍርሃት እንዲፈጅ ያደርገዋል?

ይህ ጥያቄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችን ክርስቲያኖች ዘንድ ጋብቻ በታሰበ ጊዜ እስከ ሰባት ቤት ዘር መቍጠር የቆየ ልማድ ነው። ሽማግሌዎች ተቀምጠው የልጁን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ የልጅቱንም እንደዚሁ እየጠሩ ደሙ ሳይገናኝ እንዳለፈ ያረጋግጣሉ። ይህ ቈጠራ በጎ ነው። ነገር ግን በዚሁ ቈጠራ ጐን ሌላ ቈጠራ አብሮ ይሄዳል። ይኸውም «ከዘራቸው ቆማጣ ነበረን? እግሩ ያበጠስ? የሚጥለው በሽታ ያለበትስ?» እያለ ሰውን የሚመዝን ነው። የመጀመሪያው ቈጠራ ያልተወለደውን ልጅ ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ግን የተወለደውን ያዋርዳል። አፍ አንድ ስለ ሆነ ሁለቱን መለየት ለብዙ ሰው አስቸጋሪ ሆኖበታል።

ሁለተኛው ቈጠራ ምን ያህል እንደሚሳሳት አንድ ነገር ብቻ እንጥቀስ። ስለ ሥጋ ደዌ አባቶቻችን በዘር የሚወርድ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ጤነኛ ልጅ ሳይዳር ቀርቷል። ሀንሰን የሚባል የኖርዌይ ሐኪም ግን በ1873 (ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው) ደዌው በዐይን ከማይታይ ተሐዋስ የሚመጣ መሆኑን አገኘ። ዛሬ በመድኃኒት ይድናል። በደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ብዙ የወሎ ሕሙማን ሲታከሙ ኖረዋል። በዘር ቈጠራ ሲፈረድባቸው የነበሩት ቤተሰቦች እንግዲህ በሐሰት ምስክር ተፈርዶባቸው ነበር ማለት ነው።

«ይህስ በዘር የማይወርድ ሆኖ በመገኘቱ ነው፤ በእውነት በዘር የሚወርድ በሽታ ቢሆንስ ምን ትላለህ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው የሚገባ ነው። ስለዚህ በእርግጥ በደም የሚወረስ፣ ወላጅ ለልጁ ሳያውቅ የሚያስተላልፈው፣ ሳንባንም ቀስ በቀስ የሚያደክም አንድ ሕመም ወስደን ነገሩን በእርሱ ላይ እንፈትን።

በስዊድን አገር በማልሞ ከተማ ካርል በርቲል ሎሬልና ስቴን ኤሪክሰን የሚባሉ ሁለት የሕክምና ሰዎች ወደ 1,500 የሚሆን የደም ናሙና ሲመረምሩ በአምስቱ ውስጥ አንድ ፕሮቲን ጐድሎ አገኙ፤ ይህንም በ1963 ለዓለም አስታወቁ። ከአምስቱ ሰዎች ሦስቱ ሳንባቸው የተጎዳባቸው ነበሩ። ያ ፕሮቲን አልፋ አንድ አንቲትሪፕሲን ይባላል። ስሙ ለጆሮ ቢከብድም ሥራው በምሳሌ ሊገለጽ ይችላል።

በደማችን ውስጥ ያሉት ነጭ ሕዋሳት እንደ ዘብ ጠባቂ ናቸው። ተሐዋስ ወይም ጢስ ወደ ሳንባ በገባ ጊዜ ፈጥነው ይደርሱና ሰይፋቸውን ይመዛሉ። ሰይፉ ኤላስታዝ የሚባል፣ ጠላትን የሚቈርጥ ነገር ግን ሳይከለከል ከቀረ የሳንባን ለጣጭ ሥጋ የሚበላ ንጥረ ነገር ነው። ስለዚህ የተመዘዘ ሰይፍ ሥራውን ፈጽሞ ወደ አፎቱ ሊመለስ ይገባዋል። አፎቱም ይህ ፕሮቲን ነው። የሚሠራው በይበልጥ በጉበት ሲሆን ከዚያ በደም ተጭኖ ወደ ሳንባ ይደርሳል። ውርሱ በጠናባቸው ሰዎች ዘንድ ጉበቱ አፎቱን መሥራት አይተውም፤ ሆኖም አጣጣፉ ተበላሽቶ አብዛኛው ከጉበት ሳይወጣ በዚያው ይከማቻል። በዚህ የተነሣ ከእነርሱ አንዳንዶቹ በጉበታቸውም ይታመማሉ። ወደ ሳንባ የሚደርሰው አፎት ጥቂት ስለ ሆነ ግን ዘበኛው የሚጠብቀውን ቤት በገዛ ሰይፉ ይቈርጣል። እንደ ማር እንጀራ ቀጫጭን ግድግዳ ያላቸው የአየር ከረጢቶች እየተቀደዱ አንዱ ከሌላው ጋራ ይቀላቀላሉ፤ አየር ይገባል፣ ነገር ግን እንደ ቀድሞው ተገፍቶ አይወጣም።

ውርሱም እንዲህ ነው። ሰው ለዚህ ፕሮቲን የሚሆነውን ትእዛዝ ከአባቱ አንድ፣ ከእናቱ አንድ ይቀበላል። አንዱ ደኅና ሆኖ ሌላው የተበላሸ ቢሆን ሰውዬው ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ይኖራል፤ የተሸከመውንም አያውቅም። ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች ሳይተዋወቁ በዚህ ነገር ቢጋቡ፣ ከሚወለደው ልጅ ለእያንዳንዱ ከአራት አንድ ዕድል ሁለቱንም የተበላሹ ትእዛዞች የመውረስ ነው። ያን ልጅ የሚያዩ ሰዎች «ከየት መጣ?» ብለው ይደነቃሉ። ከአባትም ከእናትም መጥቷል፤ ሁለቱም ግን ምንም አላጠፉም። በእጃቸው የያዙትን የማያዩ ሁለት ሰዎች በጨለማ ያቀበሉት ነው። በደል ያለ ፈቃድና ያለ ዕውቀት የለምና፣ በዚህ ቦታ በደለኛ መፈለግ ከንቱ ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነው፤ ከዚህ በኋላ ግን ይጠልቃል። ይህን ውርስ የተቀበሉ ሰዎች ሁሉ ዕጣቸው አንድ አይደለምና።

ሐኪሞች የሳንባን ኃይል የሚለኩት ሰው አየር በረጅሙ ስቦ በአንድ ሰከንድ ውስጥ በኃይል ሊያወጣው የሚችለውን ትንፋሽ በመስፈር ነው። ጤነኛ ጐልማሳ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ከዚህ መጠን በየዓመቱ ወደ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ያጣል። ይህ የዕድሜ ግብር ነው፤ ማንም አያመልጠውም። በስዊድን ውርሱ የጠናባቸውን ብዙ ሰዎች ለዓመታት የተከታተለ ጥናት በ1999 እንደ ገለጸው፣ ትምባሆ አጭሰው የማያውቁት በየዓመቱ 47 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ማጨስን የተዉት 41 ያህል፣ ማጨሱን ያልተዉት ግን 70 ያህል ያጡ ነበር። ሰባ ሚሊ ሊትር ማለት አንድ ሲኒ ቡና የሚያህል ነው። እንግዲህ በየዓመቱ አንድ ሲኒ ትንፋሽ ሲፈስስ ተመልከቱ። በሠላሳ ዓመት ከሁለት ሊትር ያልፋል፤ በሙሉ ጤና ያለ ብርቱ ሰው በአንድ ሰከንድ የሚያወጣው አራት ሊትር ገደማ ስለ ሆነ፣ ይህ እኩሌታው ማለት ነው። ማጨሱን የተወው ሰው ግን የፈሰሰው ባይመለስለትም መፍሰሱ ቀስ ብሎለታል።

ምክንያቱም የታወቀ ነው። ጢስ በሳንባ ላይ ሁለት ክፋት በአንድ ጊዜ ይሠራል። አንደኛ፣ ሰይፍ የያዙትን ዘበኞች በብዛት ይጠራል። ሁለተኛ፣ የቀሩትን ጥቂት አፎቶች እንኳ አቃጥሎ ሰይፍ እንዳይዙ ያደርጋቸዋል። ድኻውን ለብዙ ወታደር ቀለብ እንዲሰጥ አዝዞ ጐተራውን ደግሞ እንደ ማቃጠል ነው።

ይህም በትምባሆ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በ1998 የታተመ ሌላ የስዊድን ጥናት፣ ይህ ጕድለት እያለባቸው ትምባሆ ያላጨሱትን ሰዎች ለይቶ መረመረ። ቤታቸውን በነጭ ጋዝ ማሞቂያ ያሞቁ የነበሩትና በግብርና ሥራ የኖሩት የሳንባ ኃይላቸው ዝቅ ብሎ ተገኘ። ይህን ቃል የቦረና ገበሬና የቦረና እመቤት ቢሰሙት ስለ እነርሱ የተነገረ ይመስላቸዋል። አንዱ ከዐውድማ ብናኝ፣ ሌላይቱ ከቤት ጢስ ጋራ የሚኖሩ ናቸውና።

እንግዲህ በአንድ ሰው ሕመም ውስጥ ሁለት ነገር ተሸምኖ እናያለን። አንዱ ድር ነው፤ ከወላጅ የመጣ፣ ማንም ያልመረጠው፣ ማንም የማይነቀፍበት። ሌላው ማግ ነው፤ በሰው እጅ በየቀኑ የሚገባ፣ ሊቀነስ ወይም ሊቆም የሚችል። ሰዎች «በዘሩ ነው» ባሉ ጊዜ ድሩን አይተው ማጉን ይረሱታል። ረስተውም ከሥራቸው ያርፋሉ። «በዘር ነው» የሚለው ቃል የሚያታልለን ሐሰት ስለ ሆነ አይደለም፤ እውነት ሆኖ እያለ ግማሹን ብቻ ስለሚናገር ነው።

ምናልባት አንባቢ «ይህ የፈረንጆች በሽታ ነው፤ በእኛ ዘንድ ምን ቦታ አለው?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ይህ ውርስ በብዛት የሚገኘው በሰሜን ኤውሮፓ ሕዝብና ከዚያ በፈለሱት ዘንድ ነው፤ በአፍሪቃ ጥቂት ነው። ነገር ግን ነገሩ በሌላ አካል ላይ በአገራችን አለ። እግርን የሚያሳብጠው፣ ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው ሕመም፣ አንዱ ዓይነቱ ከትንኝ ወይም ከትል የሚመጣ ሳይሆን ባዶ እግሩን በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ለዓመታት የሚሄደውን ሰው የሚይዝ ነው። ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በኢትዮጵያ ሆኖ ይህን በሰፊው መርምሯል። በ2007 በወላይታ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ደግሞ የታመመው ሰው ወንድም ወይም እኅት ከሌላው ሕዝብ አምስት እጥፍ ያህል ለዚህ ሕመም የቀረበ ነው፤ በ2012 የወጣ ሌላ ጥናትም በደም የሚወርደውን ምልክት አገኘ። እንግዲህ በዘር ይመጣል ያሉት ሰዎች ጭራሽ አልተሳሳቱም። ነገር ግን ያው ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ቢያደርግና እግሩን ቢታጠብ በሽታው አይወጣበትም ነበር። ጎረቤቶቹ ዘሩን ሲቈጥሩ ጫማውን አልቈጠሩለትም። በኢትዮጵያ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል የሚበልጥ ሰው ይህ ሕመም እንዳለበት ሲገመት፣ ከእነዚህ ምን ያህሉ በጋብቻና በማኅበር ተገፍተው እንደ ኖሩ የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው።

የእግሩን አፈር በሳንባ ብንተረጕመው የምናገኘው የምድጃውን ጢስ ነው። በዚህም ወደ አገራችን ወደ መካነ ሰላም እንመለስ።

ከተማይቱ ከባሕር ወለል 2,600 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ደጋ ላይ ተቀምጣለች። በምዕራብ በኩል ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ከፍ ባለው ምድር አየሩ የሳሳ ነው፤ ብርዱም ጽኑ ነው። አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ ሳንባው የደከመ ሰው ድካሙን ፈጥኖ ያውቀዋል። ብርዱ ጽኑ ስለ ሆነ ደግሞ ሰው በሩን ዘግቶ እሳት ያነድዳል። ደኑ በብዙው ስፍራ ተመንጥሮ፣ በደንቆሮ ጫካ የቀረውም በሕግ ስለ ተጠበቀ፣ ማገዶው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ፣ ኩበትም ነው። ኩበት እንደ ደረቅ እንጨት ጠርቶ አይነድም፤ ጢሱም የከበደ ነው። ቤቱ መስኮቱ ጠባብ፣ ጭስ መውጫ የሌለው በሆነ ጊዜ፣ ጢሱ በጣራው ሣር በኩል እስኪወጣ ድረስ ከሰው ጋራ ይኖራል። በኢትዮጵያ ከአሥር ቤት ዘጠኙ ያህል በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና ይህን በመሰለ ማገዶ የሚያበስል ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገመተው በ2020 በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል።

አንዲት እናት በሐሳባችን ፊት እናቁም። ከልጅነቷ ጀምሮ በሦስት ጉልቻ ፊት ተንበርክካለች። ዐይኗን እያበሰች ሊጡን ትጋግራለች፤ በጀርባዋ የታዘለው ሕፃን ከእርሷ ጋራ ያንኑ ጢስ ይስባል። አርባ ዓመት ሲሞላት ማሳል ትጀምራለች፤ በአምሳ ዓመቷ ከወንዝ ውኃ ቀድታ ዳገቱን ስትወጣ ሦስት ጊዜ ታርፋለች። እናቷም እንዲሁ ነበረች፤ አያቷም እንዲሁ ነበረች። ጎረቤት ይህን አይቶ «በዘራቸው ነው» ይላል። በእውነትም ከእናት ወደ ልጅ ወርዷል፤ ነገር ግን የወረደው በደም ብቻ ነውን? ምድጃውም ከእናት ወደ ልጅ ወርዷልና፣ እርሱም ውርስ ነው። ዛሬ ያቺ ሴት ሳንባዋ በደም የተዳከመ ይሁን አይሁን አንለይም፤ ሁለቱም ቢሆን ግን የምንሠራው ሥራ አንድ ነው። ደሟ ጠንካራ ቢሆን ጢሱ ይጎዳታል፤ ደሟ ደካማ ቢሆን ጢሱ ይገድላታል። ጢሱን ለማስወገድ የዘሯን ነገር እስክናውቅ መጠበቅ አያሻንም።

ከዚህ በኋላ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። ማወቅ ይጠቅማልን? በዚህ ነገር ስዊድኖች ለዓለም ሁሉ ትምህርት የሚሆን ነገር አድርገዋል። ከ1972 እስከ 1974 ድረስ ቶማስ ስቬጌር የሚባል ሐኪም ከ200,000 አራስ ሕፃናት ደም አስመርምሮ ጽኑው ውርስ ያለባቸውን 127 ሕፃናት አገኘ። ለወላጆቻቸውም ተነገራቸው። ወላጆቹ ክፉኛ ደነገጡ፤ ጤነኛ መስሎ ያዩትን ልጅ እንደ ታመመ ያህል በፍርሃት ይመለከቱት ጀመር። ኀዘኑ ስለ በዛ ምርመራው ተቋረጠ። በዚያ ጊዜ አንድ ጠቢብ ቢጠየቅ ኖሮ «አለማወቅ ይሻል ነበር» ብሎ በፈረደ ነበር።

ነገር ግን ሕፃናቱ አደጉ። ሐኪሞቹ እስከ ጐልማሳነታቸው ተከታተሏቸው። አሥራ ስምንትና ሃያ ዓመት በሆናቸው ጊዜ ትምባሆ የሚያጨሱት ከእኩዮቻቸው ይልቅ ጥቂቶች ሆነው ተገኙ። የወላጆቻቸው እንባ ለእነርሱ አጥር ሆናላቸው ነበር ማለት ነው። በዚህ ነገር ላይ ረጅም ጊዜ ሳስብ የደረስሁበት አሳብ ይህ ነው። ማወቅ በራሱ በጎም ክፉም አይደለም። ማወቅ ሸክም ነው፤ ሸክም ደግሞ በጎ የሚሆነው ተሸካሚው የሚያኖርበት ስፍራ ሲያገኝ ነው። «ልጅህ ደካማ ነው» ብሎ ዝም የሚል ሐኪም ለአባት ድንጋይ ሰጠው። «ልጅህ ደካማ ነው፤ ስለዚህ ከጢስ ጠብቀው፤ በቤትህ ትምባሆ አታጭስ፤ እሳቱን ከመኝታው አርቅ» የሚል ግን ሥራ ሰጠው። ሰው ሥራ ካለው ኀዘኑን ይችለዋል።

አባቶቻችንም በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለዋል። ነገር ግን ስለ ምን ይደበቃል? የሚደበቀው የሚያሳፍረው ሰው ስላለ ነው። ሁለተኛው ቈጠራ፣ ያ የሚያዋርደው፣ የሚሠራው ትልቁ ጥፋት በተናቀው ሰው ላይ ብቻ አይደለም። ሁሉም ሰው የገዛ ቤቱን ሕመም እንዲሸሽግ ያስተምረዋል። ያልተነገረው ወንድም ሳያውቅ ያጨሳል፤ ያልተነገራት እኅት ሳታውቅ በጢስ ትኖራለች። ስለዚህ የዘርን ነገር ነውር የሚያደርግ ማኅበር፣ ልጆቹ ሊጠበቁበት የሚችሉትን ዕውቀት በገዛ እጁ ይቀብረዋል። ይህን ሳስብ፣ በሐሜት ወንበር የተቀመጠ ሰው ሳያውቀው ነፍሰ ገዳይ ሊሆን ይችላልን ብዬ እፈራለሁ።

እንግዲህ ዘር መቍጠር ይቅርን? አይቅር። የመጀመሪያው ቈጠራ ጥበብ ነበረው። ከላይ እንደ ተናገርነው ሁለት የተሰወሩ ድካሞች ተገናኝተው በልጅ ላይ የሚወጡት በሥጋ ዘመዳሞች ጋብቻ ይልቁን ይበዛልና፣ አባቶቻችን የደሙን ምሥጢር ሳያውቁ ልጁን ይጠብቁ ነበር። መቅረት ያለበት የመናቅ ቈጠራ ነው። በስፍራውም ሌላ ቈጠራ ይግባ። ሽማግሌው «ከዘራቸው የሚያስል ነበረን?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ «ነበረ» ቢሉት ሙሽራይቱን ከመመለስ ይልቅ «እንግዲያስ ለዚህ ጐጆ ጢስ መውጫ እናብጅለት፤ ማድ ቤቱንም ከመኝታው እንለይ» ቢል ይህ ዘርን መቍጠር ብቻ ሳይሆን ዘርን ማትረፍ ነው።

አሁን ደግሞ እውነተኛ የሆነ መቃወሚያ ይቀርባል። «ድኻ ነን፤ ማገዶ እንኳ በጭንቅ እናገኛለን፤ ጢስ አትሳቡ ማለት አትብሉ ማለት ነው» ይባላል። ይህ ቃል ሊናቅ አይገባም። በምጣዱ ፊት ያለችውን ሴት «ስለ ጤናሽ አታስቢም» ብሎ የሚገሥጽ ሰው ግፍ ይሠራል፤ እርሷ እሳቱን የመረጠችው ከሁለት መንገድ አንዱን በመምረጥ አይደለምና። ስለዚህ ግዴታው የሚወድቀው ይልቁን ሊመርጥ በሚችለው ላይ ነው። ቤት የሚሠራው ባል ግድግዳውን ሲያቆም የጭስ መውጫ ሊያስብ ይችላል። በከተማ ያለው ልጅ ለእናቱ ለበዓል ነጠላ ሲልክ ምድጃም ሊልክላት ይችላል። በአገራችን በ1990ዎቹ ምርጥ ምድጃ የሚባል፣ ከሲሚንቶና ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራ የእንጀራ ምድጃ ወጥቷል። እሳቱን ዙሪያውን ስለሚዘጋው ማገዶውን ወደ እኩሌታ ያህል ያድናል፤ ጢሱንም ፈጽሞ ባያጠፋው ይቀንሰዋል። የነጠላ ዋጋ የሚከፍል ልጅ ይህን ለመክፈል የሚቸግረው ስለ ክብር ያለን አሳብ ስለ ተጣመመ ብቻ ነው። ነጠላ በደጅ ይታያል፤ ምድጃ በጓዳ ይቀራል።

ካህናትም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። ምእመኑ በሐኪም ፊት ከሚናገረው ይልቅ በነፍስ አባቱ ፊት ብዙ ይናገራል። የንስሐ አባት ወደ ቤት ገብቶ ጠበል ሲረጭ ጢሱን በዐይኑ ያየዋል፤ ስለ ጢሱም አንድ ቃል ቢናገር ይሰማል። ሳንባው የደከመ ሰው ስለ ዕጣኑ ጢስ ወደ ውጭ ወጥቶ በቅጽሩ ቢያስቀድስ፣ ከጸሎት የራቀ አድርጎ እንዳይመለከተው ሕዝቡን ማስተማርም የካህኑ ነው። ወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ጕርብትና የሚኖሩበት አገር ስለ ሆነም፣ ይህ ምክር በቤተ ክርስቲያን ደጅ ብቻ የሚቀር ሊሆን አይገባም። ጢስ የሃይማኖት ልዩነት አያውቅም።

ስለ መድኃኒቱም ጥቂት ልበል። ይህ ፕሮቲን ለጐደላቸው ሰዎች ከ1987 ጀምሮ በአሜሪካ የተፈቀደ ሕክምና አለ። ከብዙ ሺህ ለጋሾች ደም የተጣራው ፕሮቲን በሳምንት አንድ ጊዜ በደም ሥር ይሰጣል። በ2015 የወጣ ጥናት የሳንባውን መሳሳት እንደሚያዘገየው አሳየ፤ የፈረሰውን ግን አይመልስም፤ ዋጋውም እጅግ ውድ ነው። ነገር ግን ከሕክምናው ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ ሌላ ነው። ሰውዬው ከአባቱና ከእናቱ ያላገኘውን አፎት፣ ስማቸውን ከማያውቃቸው፣ ፊታቸውን ከማያያቸው ሺህ ሰዎች በየሳምንቱ ይቀበላል። ዘር ቈጣሪ ሆይ፣ እንግዲህ የዚህ ሰው ዘመድ ማን ነው? ደሙን ያወረሱት ብቻ ናቸውን፣ ወይስ የጐደለውን የሞሉለትም?

አሁን ወደ ጀመርንበት ጥያቄ እንመለስ። በደም ስለ ወረደ ድካም ማን ይጠየቃል? ስለ መውረዱ ማንም አይጠየቅም፤ አባትም እናትም ልጅም ንጹሓን ናቸው። ከወረደ በኋላ ስለሚጨመርበት ነገር ግን ሊያስቀር የሚችል ሁሉ ይጠየቃል፤ የሚጠየቀውም በኃይሉ መጠን ነው። ያለው ሰው ከሌለው ይልቅ፣ ያወቀው ካላወቀው ይልቅ፣ ቤቱን የሚሠራው ምጣዱን ከምታሟሸው ይልቅ ይጠየቃል። ነቀፋ በሚያበቃበት ስፍራ ግዴታ ይጀምራል፤ ሁለቱን ማደባለቅ ነው ለብዙ ዘመን ያጠፋን። በደለኛ ስንፈልግ ሠራተኛ አጥተናልና።

በመካነ ሰላም ማታ ሲመሽ ጢስ ከየቤቱ ጣራ ይወጣል። ከሩቅ ለሚመለከተው ያማረ ነው፤ ቤት መኖሩን፣ እራት መድረሱን፣ እናት በሕይወት መኖሯን የሚያስታውቅ ምልክት ነው። ከዚያ ጣራ በታች ያለውን ሳንባ ግን ከሩቅ ማየት አይቻልም። ስለዚህ እያንዳንዳችን ዛሬ ወደ ቤታችን በገባን ጊዜ የማን ዘር እንደ ሆነ ሳይሆን፣ ማን በጢሱ ፊት እንደ ተቀመጠ አስቀድመን እንመልከት።